የቅዳሜን ከሰዓት ቀድማችሁ ያዙት

ጫት የሚቅም ልጅን «እንዴት ጀመርክ?» ብትሉት ብዙ ጊዜ መልሱ «ደብሮኝ» ነው። ቅዳሜ ምሳ ተበላ፣ ሥራ የለም፣ ጓደኛ ደወለ፣ በርጫ (ተሰብስቦ ጫት መቃም) ተዘረጋ። ከዚያ ምርቃና፣ ማለትም የጫቱ ሞቅታ፤ ማታ ደግሞ እሱን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ያባርራል። እሑድ ድካምና ድብርት ይሆናል፤ እሱ ራሱ መልሶ ወደ በርጫ ይጠራል።

ምክሬ አጭር ነው። ድብርቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሐሙስ ወይም አርብ ላይ፣ ለቅዳሜ 8 ሰዓት ከሰው ጋር ተቀጣጠሩ። «ከሰው ጋር» የሚለውን አስምሩበት። ለብቻ «ስፖርት እሠራለሁ» ማለት ብዙውን ጊዜ ሶፋ ላይ ያልቃል። ትልቅ ነገር አያስፈልግም፤ የሰፈር ኳስ፣ አክስት ጥየቃ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይበቃል። ብቻ ከቤት የሚያስወጣ ይሁን። ኳስ የሚታይበት ግሮሰሪ ግን ባይሆን ይሻላል፤ ቢራው ቅርብ ነው።

ዝናብ ከሆነ እጅ የሚይዝ ሥራ ፈልጉ፤ ጫማ ማጠብ፣ ወጥ መሥራት (ወንዶች፣ እናንተንም ነው)። ቲክቶክ አይቆጠርም። እጃችሁ ስልክ ቢይዝም አፋችሁ ሥራ ፈት ነው።

ጓደኛ ሲደውል «ቀጠሮ አለኝ» በሉ። በየቀኑ የምትቅሙ ከሆነ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። ስታቆሙ ዱካክ (ቅዠት) እና ብስጭት ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም አማክሩ።