የድሬዳዋን ቀበሌዎች የቤት አቅርቦት ዕድገት ለማነጻጸር
በድሬዳዋ የቤት አቅርቦት በየቀበሌው ምን ያህል እንዳደገ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ በከተማዋ ሳቢያን ሰፈር የሚታዩትን አዳዲስ ሕንፃዎች ከመቁጠሩ በፊት የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራዎችን መነሻ ያድርግ፤ የቀበሌ ወሰን በመካከሉ ተለውጦ ከሆነም አስቀድሞ ያስተካክል። ከዚያም ከተሠሩት ላይ የፈረሱትን ይቀንስ። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ቤቶችን ጠርጎ ስለወሰደ፣ ለተፈናቃዮች ምትክ የተሠሩትን እንደ ንጹህ ጭማሪ የሚቆጥር ስሌት ቤት ያጡትን ሰዎች ችግር ይሸፍናል፤ በእኔ እምነት ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። የግንባታ ፈቃድ ብቻውን ቤት ስላልሆነ የተጠናቀቀውን ብቻ ይያዝ። መቶኛውንም ከብዛቱ ጋር ያስፍር፤ 200 ቤት የነበረው ቀበሌ 50 ሲጨምር ዕድገቱ 25 በመቶ፣ 4,000 የነበረው 400 ሲጨምር ግን 10 በመቶ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያስጠልለው ሁለተኛው ቢሆንም።