ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ በቤት ውስጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በደጋው የአገራችን ክፍል፣ ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ባሉ ከተሞችና መንደሮች፣ ከላሜራ ተበይዶ የተሠራ፣ በር ያለውና ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የማገዶ ምድጃ በቤታቸው ያስተከሉ ሰዎች አሉ። ምድጃው ሲያስቸግር የሚጠራው በያጁ ነው፤ እርሱም በሩን ያስተካክላል፣ ክፍተቱን ይበይዳል፣ ችግሩ ግን አይለቅም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በምድጃው ሳይሆን በቱቦውና ቱቦው በሚያልፍበት ቤት ላይ ስለሆነ ነው። በያጁ ምድጃውን ያውቃል፤ ግድግዳው በውስጡ ምን እንደያዘ፣ ኮርኒሱም ከምን እንደተሠራ የሚያውቀው ግን የቤቱ ባለቤት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች የተደረደሩት በአደገኛነታቸው ቅደም ተከተል ነው እንጂ በሚያጋጥሙበት ብዛት አይደለም።

እሳቱ በነደደበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ

ከክፍሉ ሲወጡ የሚቀል፣ ሲመለሱ የሚያገረሽ ወይም የቤቱን ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚይዝ ራስ ምታት የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት ነው። በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው «ጭስ አላየሁም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ምልክቱ ሲታይ ምድጃውን ለመመርመር ጊዜ አይባክንም፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ሁሉም ሰው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የደከመ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ በፍጥነት ወደ ሕክምና ተቋም ይወሰዳል።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ አየር ያጣ ፍም ነው። ማታ ረመጡን በአመድ ዳፍኖ ለጠዋት እሳት ማቆየት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ አየር በየቀዳዳው በሚገባበትና ጭሱ በሣር ክዳኑ በሚወጣበት ጎጆ የሚያስከትለው አደጋ አነስተኛ ነበር። የብረት በርና የመስታወት መስኮት ባለው፣ ኮርኒስ በተሠራለት ክፍል ግን ሁኔታው ሌላ ነው፤ ምድጃው ተዳፍኖ የቱቦው መቆጣጠሪያ፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ የጭሱን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ብረት፣ ሲዘጋ ጋዙ የሚወጣበት መንገድ አጥቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ስለዚህ በምድጃው ውስጥ ቀይ ፍም እስካለ ድረስ የቱቦው መቆጣጠሪያ ፈጽሞ መዘጋት የለበትም። እንዲያውም በያጁ የመቆጣጠሪያውን ብረት ሲሠራ፣ ቢዘጋም እንኳ ከቱቦው ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ክፍት እንዲቀር አድርጎ ቢቆርጠው ይመረጣል። በግድግዳው የታችኛው ክፍል ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳም ያስፈልጋል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ማግኘት ከተቻለ በመኝታ ክፍሉ አጠገብ ይሰቀል።

ግድግዳው መዳፍ አላስቀምጥ ሲል፣ ልስኑ ሲጠቁር ወይም የመለብለብ ሽታ ሲመጣ

ጭቃ አይነድም ስለሚባል ብዙ ሰው ምድጃውን ያለ ሥጋት ከጭቃ ግድግዳ ጋር ያስጠጋዋል። ጭቃው በርግጥ አይነድም፤ ነገር ግን የጭቃ ቤት ግድግዳ የባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞና ማገር ተመትቶበት፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። በእንጨቱና በምድጃው መካከል ያለው ምርጊት ስስ በመሆኑ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እንጨቱ በየዕለቱ በሚደርሰው ሙቀት ከወር ወር እየደረቀ ቀስ በቀስ ይከስላል፤ በዚህ ሁኔታ የከሰለ እንጨት ደግሞ ከጤነኛው እንጨት ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለሆነም «ሁለት ክረምት አንድደን ምንም አልሆነም» የሚለው አባባል ለግድግዳው ጤንነት ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲያውም ምድጃው አንድ ቦታ በቆየ ቁጥር ከልስኑ ጀርባ ያለው እንጨት ለእሳት እየቀረበ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ምልክቶች ሁሉ በጣም የሚናቀው ይህ ነው፤ ጭስ ዓይን ስለሚያቃጥል ወዲያው መፍትሄ ይፈለግለታል፣ የጋለ ግድግዳ ግን ማንንም አያስቸግርም።

መፍትሄው ርቀት ነው። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደረጃ መሠረት፣ ተፈትሾ የራሱ ርቀት ያልተወሰነለት ምድጃ ሊቃጠል ከሚችል ነገር ሁሉ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ (ከአንድ ንብርብር ላሜራ ብቻ የተሠራ) ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። በየሠፈሩ የሚበየደው ምድጃ የሚመደበው በዚህ ውስጥ ነው። የእንጨት ግድግዳ ብቻ ሳይሆን አልጋ፣ መጋረጃ፣ እንዲደርቅ የተሰጣ ልብስና ከምድጃው ሥር የተከመረ ፍልጥም በዚሁ ርቀት ይገዛሉ።

ክፍሉ ጠባብ ሆኖ 90 ሴንቲ ሜትር ካልተገኘ የሙቀት መከለያ ይሠራል። ቢያንስ 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ከግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲቆም ይደረጋል፤ ከግድግዳው ጋር የሚያያዘው በእንጨት ሳይሆን በአጫጭር የብረት ቱቦ ቁራጮች ነው። ከታችና ከላይ ክፍት ሆኖ ቀዝቃዛ አየር ከሥር ገብቶ የሞቀው ከላይ እንዲወጣ ሲደረግ፣ ከግድግዳው የሚፈለገው ርቀት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሊል ይችላል። ላሜራውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ በሚስማር መምታት ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በመካከል የሚያልፈው አየር ነውና፣ የተለጠፈ ብረት ሙቀቱን ተቀብሎ ለእንጨቱ ያስረክባል። በእንጨት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክም እንደዚሁ ነው። በውስጡ እንጨት የሌለበት የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ይህ ሥጋት የለበትም። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ ከለበሰ፣ ምድጃው በሸክላ ጡብ ወይም በኮንክሪት ንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ንጣፉም ፍም ቢወድቅ እንዲቀበል ከበሩ ፊት ለፊት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት።

ቱቦው በሚያልፍበት ቦታ ኮርኒሱ ቡናማ ሲሆን

ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም ችፑድ ቢሆን ሁሉም ይነዳል፤ ከፕላስቲክ የተሠራው ጆንያማ እየቀለጠ እሳት ያንጠባጥባል። ከዚህም በላይ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚነሳ እሳት እስኪበረታ ድረስ ከታች አይታይም። ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ በኮርኒስ ውስጥ አልፎ ወደ ጣሪያ እንዲወጣ ከላይ የተጠቀሰው ደረጃ አይፈቅድም፤ ከኮርኒሱ ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በመካከሉ ሙቀት የማያስተላልፍ ነገር ያለበት ባለ ሁለት ግድግዳ ጭስ ማውጫ ያስፈልጋል። ይህ ካልተገኘ ከመሬት መሠረት ወጥቶለት በሸክላ ጡብ የሚገነባ ጭስ ማውጫ ከሁሉ የተሻለ አማራጭ ይመስለኛል፤ ጡብም ግንበኛም ሩቅ አገር የሚያስኬዱ አይደሉም። ግንቡ ከሞራሌና ከማንኛውም የጣሪያ እንጨት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ይደረጋል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ቱቦው በቀጥታ በቆርቆሮው የሚወጣ ከሆነ ሞራሌው በሁሉም አቅጣጫ 45 ሴንቲ ሜትር ሊርቅ ይገባል። በሣር ክዳን ቤት ግን ይህን ምድጃ አለመትከል ይሻላል።

ከመጋጠሚያው ጥቁር ፈሳሽ ሲንጠባጠብ፣ ቱቦው ሲያጓራ

ጥቁሩ ፈሳሽ ሳይቃጠል የወጣ ጭስ በቀዘቀዘ ቱቦ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ዝፍት ነው። መነሻው ወይ እርጥብ ማገዶ ነው፣ ወይም አየር ተነፍጎ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨስ እሳት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት እስከ ግማሽ ክብደቱ ውኃ ሊሆን ስለሚችል የእሳቱ ጉልበት የሚያልቀው ውኃውን በማትነን ነው፤ ለምድጃ የሚሆነው ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ያለው ነው። ባሕር ዛፍ በጥቅምት ተቆርጦና ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ነፋስ እያገኘው በጋውን ከከረመ ለክረምት ይደርሳል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ፈሳሹ ወደ ክፍሉ የሚንጠባጠበው ደግሞ ቱቦው ተገልብጦ በመገጠሙ ነው። የላይኛው ቱቦ ጠባብ ጫፍ በታችኛው ውስጥ መግባት አለበት፤ ያኔ ዝፍቱ በቱቦው ውስጥ ወደ ምድጃው ወርዶ ይቃጠላል። የአሸንዳ ሥራ የለመደ ባለሙያም በዚሁ መልክ ይገጥመዋል፤ የሚሳሳተው ጭሱ በመጋጠሚያው እንዳይወጣ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ቱቦው በደንብ የሚስብ ከሆነ በመጋጠሚያው አየር ይገባል እንጂ ጭስ አይወጣም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በሦስት ብሎን ይታሰራል።

የጥቀርሻው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቱቦው ወርዶ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ምድጃው በየቀኑ የሚነድ ከሆነ በየወሩ ማየት ተገቢ ነው። ይህ ተዘንግቶ ቱቦው ማጓራትና መቅላት ከጀመረ ጥቀርሻው ራሱ ተቀጣጥሏል ማለት ነው፤ የምድጃው በርና አየር ማስገቢያው ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይጠራሉ። በጋለው ቱቦ ላይ ውኃ አይደፋም። ቱቦው ተፈትሾ የተጣመመው ካልተለወጠ በስተቀር እሳት እንደገና አይለኮስም።

ጭሱ ወደ ክፍሉ ሲመለስ

መንስኤውን በአንድ ክብሪት መለየት ይቻላል። ምድጃው ባዶና ቀዝቃዛ ሳለ በሩን ከፍተው፣ የበራ ክብሪት ቱቦው በሚጀምርበት አፍ አጠገብ ይያዙ። ነበልባሉ ወደ ቱቦው ከተሳበ መንገዱ ክፍት ነው። ወደ እርስዎ ካዘነበለ መስኮት ከፍተው ይድገሙት፤ አሁን ወደ ቱቦው ከዞረ ችግሩ የክፍሉ መታፈን ስለሆነ አስቀድሞ የተጠቀሰው የአየር ቀዳዳ ይፈታዋል። መስኮቱ ተከፍቶም ለውጥ ከሌለ ቱቦው ወይ ቀዝቅዟል፣ ወይ ተደፍኗል፣ ወይ አጭር ነው። የቀዘቀዘ ቱቦ በጋዜጣና በጭራሮ ለጥቂት ደቂቃ ሲሞቅ መሳብ ይጀምራል። ለማቀጣጠያ ፌስታል፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን መጠቀም አይገባም፤ የመጀመሪያው መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ የቀሩት ደግሞ ሊፈነዱ ይችላሉ።

አጭር ቱቦ በእኛ አገር ከሌላው የበለጠ የሚያስቸግርበት ምክንያት አለ። ቱቦ የሚስበው በውስጡ ያለው የሞቀ አየር በውጭ ካለው ስለሚቀል ነው፤ አየሩ ራሱ የሳሳ ሲሆን ልዩነቱም ይሳሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆናቸው የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በመሆኑም ከውጭ የመጣ ምድጃ መመሪያ 4.5 ሜትር ቁመት ይበቃል ቢል፣ ለደጋ ነዋሪ ያ ቁጥር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ቁመት መጨመር ካልተቻለ መታጠፊያ መቀነስ ይቻላል፤ ሁለት መታጠፊያ ያለው ቱቦ ብዙ ጉልበት ያጣል። አግድም የሚሄድ ክፍል የግድ ካስፈለገ አጭር ይሁን፣ በእያንዳንዱ ሜትርም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይውጣ። ቱቦው በየትኛውም ቦታ ከሚገጠምበት የምድጃው አፍ አይጥበብ፤ ርካሽ ስለተገኘ ብቻ የተገዛ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 15 ሴንቲ ሜትር አፍ ላለው ምድጃ አይሆንም።

ጭሱ የሚመለሰው ነፋስ ሲነሳ ብቻ ከሆነ የሚመረመረው የቱቦው ጫፍ ነው። ብዙ ቤት ቱቦው በግድግዳው ወጥቶ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያበቃል፤ ነፋሱም በቀጥታ ይገባበታል፣ ጭሱም በጣሪያው ሥር ይመለሳል። ጫፉ ከጣሪያው ከሚወጣበት ነጥብ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ክልል ውስጥ ካለ ማንኛውም ነገር፣ የጣሪያውን ጉልላትና የጎረቤትን ፎቅ ጨምሮ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል።

አዲሱ ምድጃ ሲሸት

ቀለሙ በመጀመሪያዎቹ እሳቶች ስለሚበስል ምድጃው ከመተከሉ በፊት በግቢ ውስጥ ቢነድ ሽታው እዚያው ይቀራል። ነጭ ጭስ የሚወጣው ከራሱ ከቱቦው ብረት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቱቦው የተሠራው ለጣሪያ ከሚሆነው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ በመሆኑ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያሳምም ጭስ ይለቃል፤ በጥቁር ላሜራ ቱቦ መተካት አለበት።

ዝናብ በቱቦው ዙሪያ ሲገባ

በቱቦውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በቅጥራን ወይም በተራ ሲሊከን መድፈን አይበጅም፤ ቅጥራኑ በሙቀቱ ይቀልጣል፣ ይነዳልም። ትክክለኛው ሥራ በቱቦው ላይ ከቀዳዳው በላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የላሜራ አንገትጌ ማሰርና፣ ከሥሩ ደግሞ የላይኛው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር የገባ፣ ዙሪያው ወደ ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ ማኖር ነው። የቱቦው ጫፍም ጭሱን በማያፍን ርቀት ቆብ ይደረግለታል። ክረምት ሲያልቅ በቱቦው የታችኛው መጋጠሚያ ላይ በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ተብሎ ይሞከራል፤ ውኃና ጥቀርሻ ሲቀላቀሉ ብረቱን የሚበሉት ከውስጥ ስለሆነ፣ ካቻቪቴው ከገባ ያ ቁራጭ ጥቅምት ሳይገባ ይለወጣል።