በወረራ ዘመን የተሠሩ የቼክ የፍቅር ፊልሞችን እንዴት እንመልከት

ናዚ ጀርመን ፕራግን በያዘበት ዘመን የተሠሩ የቼክ የፍቅር ፊልሞችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው፣ ጦርነቱ የት እንደገባ ግራ ይገባዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ የጀርመን ወታደር አይታይም፤ ፍቅረኞች ይደንሳሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥቂት ቀናትን በወረቀት ጽፎ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀርመኖች ፕራግ የገቡት ማርች 15 ቀን 1939 ነው፤ የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን የዘጉት በዚያው ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን ነው፤ አርበኞች በናዚው ገዥ በራይንሃርድ ሃይድሪክ ላይ ጥቃት የፈጸሙት ደግሞ ሜይ 27 ቀን 1942 ነው።

በማርቲን ፍሪች "ክሪስቲያን" ይጀምሩ። ኦልድርዢክ ኖቪ የሚጫወተው አሎይስ ኖቫክ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተራ ጸሐፊ ሲሆን፣ በወር አንድ ምሽት ግን ምርጥ ልብሱን ለብሶ፣ ስሙን ለውጦ፣ ባለጸጋ መስሎ ወደ ጭፈራ ቤት ይሄዳል። አንዲት ሴት ልቧ ሲሸነፍለት ዓይኗን እንድትጨፍን ይጠይቃትና ስትገልጥ ያጣዋል። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በሴፕቴምበር 1939፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንቱ ገደማ ነበር። ለአንድ ምሽት ሌላ ሰው መሆንን የሚመኘውን ይህን ጸሐፊ፣ አገሩን በተነጠቀ ተመልካች ዓይን ይዩት።

ቀጥሎ የኦታካር ቫቭራን "የግንቦት ተረት" ይመልከቱ። ናታሻ ጎሎቫ፣ በ"ክሪስቲያን" የጸሐፊው ሚስት የነበረችው፣ እዚህ የደን ጠባቂ ልጅ ሆና ከአንድ የሕግ ተማሪ ጋር ትዋደዳለች። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ፍቅራቸው ሳይሆን የልጁ ተማሪነት ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ በ1940 ሲታይ፣ በአገሪቱ በሩ ክፍት የሆነ አንድም የቼክ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም።

የመግቢያውን ጽሑፍ ሳያዩ አይለፉት፤ በዘመኑ ከቼክኛው ጋር ጀርመንኛም እንዲጻፍ ይደረግ ነበር። ድምፁንም በትርጉም ጽሑፍ እየታገዙ በቼክኛ ያዳምጡ። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ከእያንዳንዱ ንግግር ሥር ወርቅ መፈለጉ አይቀርም፤ ነገር ግን ሳንሱሩ ጥብቅ ስለነበረ፣ ሚሎሽ ሃቬል ያቋቋመው የባራንዶቭ ስቱዲዮም በጀርመኖች እጅ ስለገባ፣ ብዙ የተደበቀ መልእክት አይጠብቁ። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ የገዛ ቋንቋን መስማቱ ራሱ ለተመልካቹ ትልቅ ነገር ነበር።

"አሁን እመጣለሁ" የተባለውን የቫቭራ ኮሜዲ ለመጨረሻ ያቆዩት። ከሃይድሪክ መገደል በኋላ የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ የተዋናይቷን የአና ሌተንስካን ባል አሰረ፤ እሷ ግን ቀረጻው እስኪያልቅ እንድትሠራ ተደረገ። ሥራዋን እንደጨረሰች ተይዛ ኦክቶበር 24 ቀን 1942 በማውትሃውዘን የናዚ እስረኞች ካምፕ ተገደለች፤ ፊልሙም ለሕዝብ የታየው ከሞተች በኋላ ነው። እሷ በምትታይበት ትዕይንት ሁሉ ፊልሙን ለአፍታ አቁመው ፊቷን ይመልከቱ።