የሱቁ ዳታቤዝ ኮራፕት ሲያደርግ (ሲበላሽ) ከየት ይጀመራል?

መብራት ሄዶ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ የሽያጭ ፕሮግራሙ ግን የስህተት መልእክት አውጥቶ ቆመ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሒሳቡን ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም የሚይዝ ሱቅ፣ ፋርማሲ ወይም መጋዘን ይህ ሊገጥመው ይችላል። ብዙ ዳታ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ባለው ጥድፊያ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅ ሰብሰብ። ሰርቨሩን ደጋግማችሁ አታጥፉ፣ አታብሩ። ዳታቤዙን ዲታች አታድርጉት (ከሰርቨሩ አትንቀሉት)፤ የተጎዳ ዳታቤዝ አንዴ ከተነቀለ ተመልሶ አልገባም ሊል ይችላል። መልእክቱን ከነቁጥሩ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። 823 ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ዲስኩ ላይ ማንበብ ወይም መጻፍ አቅቶታል። 824 ከሆነ ንባቡ ተሳክቷል፣ የተነበበው ግን ትክክል አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታውን የሚያስቀምጠው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ነው። ገጹን ሲጽፍ የማረጋገጫ ቁጥር አብሮ ያስቀምጣል፤ ሲያነበው ቁጥሩ ካልገጠመ 824 ይላል። 825 ደግሞ መጀመሪያ አልነበብም ያለው ገጽ ሲደጋገም ተነበበ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ስለማይቆም ማንም ልብ አይለውም፣ የሰርቨሩ ኤረር ሎግ (የስህተት መዝገብ) ላይ ተጽፎ ይቀራል። ከሦስቱ አጥብቄ እንድትከታተሉ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዲስኩ ጨርሶ ሳይሞት ቅጂ ለመያዝ ጊዜ የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

ቀጥሎ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ። ዳታቤዙ የሚከፈት ከሆነ አሁን ባለበት ሁኔታ ሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ ውሰዱ። በስህተት ምክንያት ከተቋረጠ፣ ስህተት ቢኖርም እንዲቀጥል የሚያዘውን አማራጭ ተጠቀሙ። አደራ፣ በድሮው ባክአፕ ላይ አትጻፉበት! የተጎዳውን በደህናው ላይ ከደረባችሁት መመለሻ የለም።

አሁን ዳታቤዙ የቱ ጋ እንደተጎዳ የሚፈትሸውን ዲቢሲሲ ቼክዲቢ የሚባል ትዕዛዝ አስኪዱ። ትልቅ ዳታቤዝ ላይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ አታቋርጡት። ውጤቱ ላይ የኢንዴክሱን መለያ ቁጥር ፈልጉ። የተጎዱት ሁሉ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ እፎይ ማለት ይቻላል። እነዚህ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ናቸው፤ ማውጫ ቢቀደድ ከመጽሐፉ እንደገና ይወጣል። ኢንዴክሱን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ፍጠሩት። 0 ወይም 1 ከሆነ ግን የተጎዳው ዳታው ራሱ ነው።

ያኔ መንገዱ ከባክአፕ መመለስ ነው። በሌላ ስም ሪስቶር አድርጉት፣ እሱንም በቼክዲቢ ፈትሹት። ንጹሕ ከሆነ፣ ከባክአፑ ወዲህ የተሸጠውን ከደረሰኝ ላይ መሙላት ይቻላል። አድካሚ ነው፣ ግን ሒሳቡ ይታመናል።

«ሪፔር አላው ዳታ ሎስ» (ዳታ ቢጠፋም ጠግን) የሚለው የቼክዲቢ አማራጭ የመጨረሻው ነው፤ ሌላ ሁሉ ሲያልቅ ብቻ። የተበላሸውን ገጽ ነቅሎ እስከመጣል ይደርሳል፤ በገጹ ላይ የነበረው የዱቤ መዝገብ አብሮ ይሄዳል። በሠንጠረዦቹ መካከል ያለውንም ግንኙነት አይጠብቅም። የደንበኛው ስም ጠፍቶ ዕዳው ብቻ ሊቀር ይችላል። ቴክኒሻን ቶሎ ይህን ልሞክር ካላችሁ፣ ቅጂ መያዙን ጠይቁት።

ዳታው ከተመለሰም በኋላ ያንኑ ዲስክ አትመኑት። ጤንነቱን በአምራቹ መፈተሻ ፕሮግራም እዩ፤ ከተጠራጠራችሁ ቀይሩት። ሰርቨሩን መብራት ሲሄድ በባትሪ ከሚያቆየው ዩፒኤስ ጋር አገናኙ፤ ጄነሬተር ቢኖርም እስኪነሳ ያለችውን ክፍተት አይሸፍንም። ነፃው የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ እትም ሥራን በተያዘለት ሰዓት ራሱ የሚያስጀምር መሣሪያ የለውም። ስለዚህ የዕለቱን ባክአፕ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር አስይዙ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም እንዲፈተሽ አዛችሁ። አንድ ቅጂ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። ኮምቦልቻ ያላችሁ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ዘመድ ቤት፣ ደሴ ያላችሁ ደግሞ ወደ ታች ኮምቦልቻ ብታስቀምጡት ይበቃል። በየወሩ አንዱን አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርጉና ይከፈት እንደሆነ እዩ።