ፀሐይ የበላው የግቢ አስፋልት፦ ችግርና መፍትሄ (ለባሕር ዳር ሰው)

ስለ መጥረግና ቦይ ስለ ማጽዳት አልጽፍም። ይህን የማያደርግ ሰው አስፋልቱን ትቶ ግቢውን ጠጠር ቢያለብሰው ይሻለዋል።

ምልክት፦ አስፋልቱ ነጣ፣ ሻከረ፣ አሸዋ ይለቃል

አቧራ አይደለም፣ በውሃም አይለቅም። ጠጠሩን አጣብቆ የያዘው ሬንጅ ፀሐይና አየር ሲፈራረቁበት ይደርቅና ይሰባበራል፤ መጀመሪያ ደቃቁ አሸዋ ይለቃል፣ ቀጥሎ ጠጠሩ ይነቀላል። የጣና ነፋስ ያዘናጋል እንጂ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋም ብርቱ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ጥላ የሌለው አስፋልት 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ደጉ ነገር ጉዳቱ የሚጀምረው ከላዩ ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ነው። በደረቅ ቀን አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ከላይ ከቀረ አትንኩት። ከሰረገና በጫማ ስታሹት አሸዋ ከለቀቀ፣ በውሃ የሚቀጥን የሬንጅ ኢሙልሽን (ሬንጅ ደቅቆ ከውሃ ጋር የተዋሃደበት ፈሳሽ) መቀባት አለበት። አዲስ የተነጠፈ ከሆነ ግን ወራት ጠብቁ፤ ገና አልጠነከረም።

ምልክት፦ አስፋልቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ግን ጎማ ይይዛል፣ ጠጠሩ በእጅ ይነቀላል

ሰው አስፋልት እንዳይለት ከሚጠራኝ አብዛኛው ይኸው ነው። መንስኤው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ከጋራዥ በጀሪካን ይመጣል፣ አንዳንዴ ናፍጣ ይጨመርበታል፣ በመጥረጊያ ይቀባል። «ያበራል፣ ርካሽ ነው» ይላሉ። ያበራል፣ እውነት ነው። ሬንጅ ራሱ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ነው፤ ዘይትና ናፍጣ ያሟሟዋል። ፀሐይ ያደረቀውን ሬንጅ እናለስልስ ብለው ጠጠሩን የያዘውን ሙጫ ያቀልጡታል።

ሐይቁ ዳር ካሉት በአንዱ ሆቴል ግቢ፣ የጥር ሰርግ ሊደገስ ሲል የግቢው ኃላፊ ይህንኑ አስቀባ። ለፎቶ አማረ። ማታ ላይ ግን ዘይቱ በጫማ ተጎትቶ አዳራሹ ደፍ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሚያዝያ ላይ ስጠራ ካቻቢቴዬን ጫን ሳደርገው አስፋልቱ ውስጥ እስከ እጀታው ገባ። መኪኖቹ የሚዞሩበት ጥግ ጠጠሩ ተገፍቶ ተከምሯል። ኃላፊው «ጋሼ፣ ከላዩ ሬንጅ ቢደረብበትስ?» አለኝ። አይሆንም። ኢሙልሽን ዘይት ያለበት ቦታ ላይ አይይዝም፤ እንደ ቅርፊት ይላጣል።

መፍትሄው እንደ ጥልቀቱ ነው። ካቻቢቴው ካልገባ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ አልብሳችሁ አሳድሩት፣ ጠርጋችሁ አንሱት፣ በኦሞና በጠንካራ ብሩሽ እሹት፣ አለቅልቁትና ይድረቅ። ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራ አታቃጥሉ፣ እጣቢውንም ወደ ቦይ አትልቀቁ። ቦዩ የሚሄደው ወደ ጣና ነው፣ ቆሮሶ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ካቻቢቴው ከገባ ግን ልመና አያዋጣም፤ በካሬ ቆርጣችሁ አውጡና እንደገና አስነጥፉ። ያ ሆቴል የከፈለው ለኢሙልሽን ከሚያወጣው በብዙ እጥፍ ነበር።

መኪና ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ የሚያንጠባጥበው ዘይትም በትንሹ ያው ጉዳት ነው። ባጃጃቸውን ግቢያችሁ አምጥተው ዘይት የሚቀይሩትን አባርሯቸው።

ምልክት፦ ስንጥቅ

ቀጭን ከሆነ ቅቡ ይዘጋዋል። እርሳስ የሚያስገባ ከሆነ በኮምፕሬሰር ነፍታችሁ፣ ሣሩን ከሥሩ ነቅላችሁ፣ ከመቀባታችሁ በፊት በትኩስ ሬንጅ ሙሉት፤ ከላዩ አሸዋ ነስንሱ። ይህ ከግንቦት ማለፍ የለበትም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ በዚያች ስንጥቅ ገብቶ ከሥር ያለውን ዋልካ አፈር ያሳብጠዋል፤ በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፣ አስፋልቱም አብሮት ይሰነጠቃል። ሬንጅ ስታሞቁ ላምባ እሳቱ አጠገብ አትጨምሩ። እጅና ፊት የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

የዓሣ መረብ የመሰለ ስንጥቅ ግን የፀሐይ ጥፋት አይደለም። ከአስፋልቱ ሥር የተነጠፈው ገረጋንቲ (ጠጠርና አፈር) ሳስቷል ወይም በደንብ አልተጠቀጠቀም። የቱንም ያህል ቢቀባ አይድንም፣ ቆፍሩት።

ትንንሾቹ

የሞተር ሳይክል መቆሚያ እግር አስፋልቱ ውስጥ ከሰመጠ ከሥሩ ላሜራ አድርጉለት። ሬንጅ በሙቀት ወደ ላይ ከወጣ ደረቅ አሸዋ በትኑበት። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ከገፋው ዛፉን ለጥላ ማን እንደተከለ ጠይቁ፤ ዋርካ ከአስፋልት ጋር አይኖርም፣ ዘንባባ ደግሞ ጥላ የለውም።

ምልክት፦ የተቀባው ተላጠ

ወይ አቧራ ላይ ተቀብቷል፣ ወይ ጤዛ ላይ፣ ወይ አንዴ በወፍራሙ። ሻጩ ቤንዚን ወይም ላምባ ያቀጠነውን ሬንጅ «ኢሙልሽን» ብሎ ሸጧችሁም ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። እውነተኛው ቡናማ ነው፣ ነዳጅ ነዳጅ አይሸትም። እንደ እርጎ የረጋ ከሆነ መልሱለት።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ጤዛው ከተነነ በኋላ ጀምሩ። ዝግ ብሎ የሚደርቀውን ዓይነት ግዙ፤ ቶሎ የሚደርቀው ውሃ ሲጨመርበት ይበላሻል። ውሃውን ወደ ኢሙልሽኑ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ እንጂ ኢሙልሽኑን ውሃ ላይ አትገልብጡ፤ እኩል በእኩል ይበቃል። ስስ አድርጋችሁ አንዴ ቀቡ። ሲቀባ ቡናማ ነው፣ ውሃው ሲለቀው ይጠቁራል። ሁሉም ሳይጠቁር ሁለተኛውን አትደርቡ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን አቅጣጫ አቋርጣችሁ ቀቡት። ቢያንስ እስከ ማግስቱ መኪና እንዳይገባ በሩን ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ለዘበኛው ከሰጣችሁት «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ላለው ሁሉ ይከፍታል።