ስቴጅ ላይ ሆናችሁ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ (ለጀማሪ ድምፃውያን)

ሰው እየዘፈነ የራሱን ዘፈን መገምገም አይችልም፣ ወይ ይዘፍናል ወይ ይገመግማል። ብዙ ጎበዝ ልጆች ስቴጅ ላይ የሚበላሹት ድምፅ አጥተው አይደለም፣ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ትንሽ ከቅኝት ወጣ ሲሉ በውስጣቸው "በቃ አበላሸሁት፣ ባንዱም ታዘበኝ" እያሉ ሲያወሩ ሁለተኛው ስንኝ ስለሚያመልጣቸው ነው። ስለዚህ ራሳችሁን መገምገም ተዉ አልላችሁም፣ ግምገማው የራሱ ሰዓት ይኑረው ነው የምለው።

ከሪኮርድ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ድምፁን መጥላት የሚጀምረው እዛ ነው። ስልካችሁ ላይ የቀዳችሁትን ስትሰሙ "እንዴ ይሄ የኔ ድምፅ ነው?" ትላላችሁ አይደል፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው። የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው፣ አጥንቱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል፣ ሪኮርዱ ላይ ያ ስለሌለ ቀጭንና የሌላ ሰው ይመስለናል። ሌላው ሰው ግን ድሮም የሚያውቃችሁ በዛ ድምፅ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀዳችሁ ስሙት፣ ጆሮ ይለምዳል፣ ከለመደ በኋላ ነው እውነተኛው ስህተት የቱ እንደሆነ የሚገባችሁ።

ሌላው ነገር ኪይ ነው፣ ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ ማለት ነው። የጥላሁን ገሠሠን ወይ የአስቴር አወቀን ዘፈን በኦሪጅናሉ ኪይ ካልዘፈንኩ ድምፃዊ አይደለሁም ብሎ ጉሮሮውን የሚጎዳ ልጅ በጣም ያሳዝነኛል። ኪቦርዲስቱን ዝቅ አድርግልኝ በሉት፣ ይሄ ምንም ሀፍረት የለውም።

ልትወጡ ስትሉ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፣ አፍ ይደርቃል። እሱን "ተረጋጋ፣ ተረጋጋ" ብላችሁ አትታገሉት። እ.ኤ.አ. 2014 ላይ የወጣ የሀርቫርድ ጥናት አለ፣ ሰዎች ካራኦኬ ከመዝፈናቸው በፊት ገሚሶቹ "ጨንቆኛል" እንዲሉ ገሚሶቹ "ጓጉቻለሁ" እንዲሉ ተደረገና ጓጉቻለሁ ያሉት የተሻለ ዘፈኑ፣ የለካው ደግሞ ሰው ሳይሆን የካራኦኬው ጨዋታ ማሽን ነው። የልብ ምቱ ያው ነው፣ የምትሰጡት ስም ነው የሚለየው። ትንፋሽ በአፍንጫ አስገቡና ከገባበት ረዘም አድርጋችሁ በቀስታ አስወጡት፣ አምስት ስድስቴ ይበቃል።

ግጥም መርሳትን በተመለከተ ቀድማችሁ ከባንዱ ጋር ተነጋገሩ፣ ከጠፋኝ አዝማቹን ደጋግሙልኝ፣ ሳክስፎኑ ይግባ፣ እኔ ማይኩን ወደ ህዝቡ አዞራለሁ ተባባሉ። ባርብራ ስትራይሳንድን የሚያህል ድምፃዊት እ.ኤ.አ. 1967 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ላይ ግጥም ጠፍቷት ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከትልልቅ ኮንሰርቶች ርቃ ቆይታለች። አንድ ስንኝ ይሄን ያህል ሊያስከፍል ይችላል፣ መውጫ መንገዱን አስቀድሞ የተለማመደ ሰው ግን ፍርሃቱ በጣም ይቀንስለታል። ደግሞ እናንተ የምታስቡትን ያህል ሰው አያያችሁም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አጥኚዎች ለተማሪዎች የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው፣ ልጆቹ ግማሹ ሰው አስተውሎኛል ብለው ገመቱ፣ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ነበር።

ስራው ሲያልቅ የዛኑ ማታ ቪዲዮውን አትዩ፣ ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ "እንዴት ነበርኩ?" አትበሉ። ሰውነታችሁ ገና አልበረደም፣ ያኔ የሚባል ነገር ሁሉ ከመጠኑ በላይ ነው የሚሰማው። በማግስቱ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፣ ከዛ ስክሪኑን ገልብጣችሁ ስሙት። "ጥሩ ነኝ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ይሄ ጥያቄ መልስ የለውም። "ትንፋሽ ያጠረኝ የቱ ጋር ነው? ባንዱን የቀደምኩት የቱ ጋር ነው?" በሉ።

አሁን ወደ ሰው አፍ። ይሉኝታ ይዞን ያደግን ሰዎች ስለሆንን አንድ ክፉ ኮሜንት ሀምሳ ምርቃት ያስረሳናል። እዚህ ላይ አዝማሪዎቻችን ከማንም በላይ ያስተምሩናል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ካያችሁ እንግዳው "ተቀበል" ይልና ስንኝ ይሰጣል፣ አንዳንዴ ስንኙ ራሱን አዝማሪውን የሚነካ ነው፣ እሱ ግን ያንኑ ነገር በማሲንቆው እያጀበ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ያዜመዋል፣ ቀጥሎ የራሱን ይመልሳል። እናንተም ያቺን እንቅልፍ የነሳቻችሁን ኮሜንት ውሰዱና ብቻችሁን ሆናችሁ በባቲ ወይ በአንቺ ሆዬ ቅኝት አዚሟት፣ ደጋግማችሁ። ቃሉ ያው ነው ግን ዜማ ውስጥ ሲገባ ፍርድነቱ ይቀራል። ሳይኮሎጂስቶችም ከባድ ሀሳብን በዜማ መድገምን ለታካሚዎቻቸው እንደ ልምምድ ይሰጡታል፣ አዝማሪው ግን በስራው ላይ ሲያደርገው ኖሯል።

ስድብ ብቻ የሆነውን አጥፉት፣ ቲክቶክ ላይ የምትመርጧቸው ቃላት ያሉበትን ኮሜንት የሚደብቅ ሴቲንግ አለ፣ ተጠቀሙበት። ጎበዝ ጓደኛ ካላችሁ ኮሜንቱን እሱ ያንብብላችሁ። "ዘፈን ኃጢአት ነው" ወይ "ሴት ልጅ ማታ ማታ ክለብ ምን ትሰራለች" የሚለው ደግሞ ስለ አዘፋፈናችሁ የተባለ አይደለም፣ ከእምነታችሁና ከቤተሰባችሁ ጋር በእርጋታ የምትነጋገሩበት ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ኮሜንት ላይ አትከራከሩበት፣ ስቴጅ ላይም ይዛችሁት አትውጡ።

የቀረው ስለ ስራው የተባለ ነው። "አልወደድኩትም" ካለ የሱ ምርጫ ነው፣ እለፉት። "ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃሉ አይሰማም" ካለ ግን አፉ ቢከፋም ጻፉት፣ ሪኮርዱን መልሳችሁ ስሙ፣ እውነት ከሆነ ቀጣዩ ሪሀርሳል ላይ ያቺን ስንኝ መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ አንብቧት፣ ከዛ በቀስታ ዘምሯት፣ ከዛ ባንዱ ይግባ።