ለመኪና ጎማና ቸርኬ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ በጎማ ልክ የማይጨነቅ ቢኖር የባጃጅ ባለቤት ነው፤ የእርሱ ጎማ 4.00 በ8 ነው፣ ክርክር የለውም። የቤት መኪና ያለው ሰው ግን ጎሚስታው ደጃፍ ቆሞ «ይኼም ይሆናል» ሲባል የሚመልስበት ቁጥር ያስፈልገዋል።

አሮጌውን ጎማ አይቶ መግዛት
መኪናው ላይ ያለው ጎማ የቀድሞው ባለቤት ምርጫ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ይገኛል። ወረቀቱ በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ በሞዴሉና በተመረተበት ዓመት ማጣራት ነው። የጎረቤትን ቶዮታ ቪትዝ አይቶ መወሰን አያዋጣም፤ ስማቸው አንድ የሆነ መኪናዎች እንደ ዓመታቸው ልካቸው ይለያያል።

የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ማንበብ
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የ15 ጎማ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። 15 ግን የቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የሚለብሰውን ብረት፣ ዲያሜትር በኢንች ከመናገር አያልፍም። 175/65 አር 14 የተጻፈበትን ጎማ እንውሰድ። 175 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 ደግሞ የግድግዳው፣ ማለትም ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው የጎማው ጎን፣ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። የላይና የታች ግድግዳውን ከ14 ኢንች፣ ማለትም ከ355.6 ሚሊ ሜትር ጋር ብንደምር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 583 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ 15 ቸርኬ መሻገር የፈለገ ሰው 185/55 አር 15 ቢያስገባ ቁመቱ 584.5 ነው፤ መኪናው ልዩነቱን አያውቀውም። 185/65 አር 15 ካስገባ ግን 621.5 ይደርሳል፣ ከ6 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ያን ጊዜ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ሊነካ ይችላል። የፍጥነት መለኪያውም ቀድሞ ትክክል ከነበረ አሁን 80 እያሳየ መኪናው 85 ይሄዳል። በስፋቱና በቸርኬው ቁጥር መካከል ያለው 55 ወይም 65 ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። ልዩነቱን ከ3 በመቶ በታች መያዝ ጥሩ ልማድ ነው።

ለመልክ ብሎ ቸርኬ ማሳደግ
ቸርኬው ሲያድግ ግድግዳው ያጥራል። በጣና ዳር አስፋልት ላይ ያምራል፤ ወደ ሰፈር ኮብልስቶን ሲታጠፍ ወይም በክረምት ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ምቱን የሚውጥ ግድግዳ ስለሌለ የሚጣመመው ቸርኬው ነው። እኔ ብሆን 14ቱን አልነካውም።

ብሎን ቆጥሮ «ይገባል» ማለት
ባለ አራት ብሎን ቸርኬ ሁሉ አንድ አይደለም። 4 በ100 ማለት የአራቱ ብሎኖች መሐል የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ 108 እና 114.3 የሆኑም አሉ። የመሐል ቀዳዳውም ከሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሐል ብረት፣ ጋር መግጠም አለበት። ቶርኖ ቤት ወስዶ የብሎኑን ቀዳዳ ማስፋት መፍትሔ አይደለም፤ ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ይበላሻል፣ ጎማውም በጉዞ ላይ ሊላላ ይችላል።

የምርት ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ
ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 3517 ከሆነ በ2017 35ኛው ሳምንት ተመርቷል፤ ዘመኑ ግን የፈረንጅ ነው፣ በእኛ የነሐሴ 2009 መጨረሻ ማለት ነው። 17ን አይቶ 2017 ዓ.ም. የመሰለው ገዢ ካሰበው ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ይወስዳል። ሻጩም ላያስተውለው ይችላል።

የጭነቱን ምልክት መዝለል
82ቲ ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቀድለታል ማለት ነው። ሰው ሞልቶ ጣሪያው ላይ ዕቃ ጭኖ ወደ ጎንደር ለሚወጣ ሚኒባስ ደግሞ እንደ 195 አር 15 ሲ ያለ የጭነት መኪና ምልክት ያለው ጎማ እንጂ በልክ ተመሳሳይ የሆነ የቤት መኪና ጎማ አይበቃም።

ስኮርታውን መርሳት
አራቱ ጎማዎች ተቀይረው ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) በድሮው ልክ ከቀረ፣ እርሱ ተገጥሞ ሲነዳ በተለይ አራቱም ጎማዎች በሚነዱበት መኪና ላይ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ሊጎዳ ይችላል። አዲስ ቸርኬ ሲገዛ የድሮዎቹ ዳዶዎች (ቸርኬውን የሚያስሩት) እንደሚገጥሙት እዚያው፣ ገንዘብ ሳይከፈል፣ አስገጥሞ ማየት ይገባል።